የምንሽር አስተማሪ ፍለጋ

እና ደግሞ ዕድሜ ምን አገባው፣ ዓይኗ እንደሆነ ከታክሲው መስኮት ማዶ ያለውን የፋርማሲ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይለቅማል፣ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ጉልበቷ ከእንጦጦ ጥግ እስከ ፈረንሳይ ሰፈር ያንን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ እፎይ እንኳ አላለም፣ ስድሳ ሊሞላት ጥቂት ቢቀራት ማን ምን አገባው፣ መሣሪያው ራሱ ከእሷ በዕድሜ ይበልጣል፣ እሱን ማንም አርጅተሃል አላለውም። አንቺ ብዙነሽ፣ ትላለች በሆዷ፣ ፈገግታሽን ሰብስቢ፣ ወያላው እያየሽ ነው። አትሰበስበውም። ልቧ እንደ ልጃገረድ ልብ ድው ድው ይላል፣ ሠርግ የተጠራች እንጂ ጠመንጃ የሚያስተምራት ሰው ልትመርጥ የምትሄድ አትመስልም፣ ሦስተኛው ሰው፣ ኧረ ሦስተኛዋ፣ ሴት ናት፣ ሴት! መሪ ኮንዶሚኒየም፣ አስካለች ትባላለች፣ ጡረታ የወጣች የፖሊስ አሠልጣኝ።

ሁሉም የመጣው ከምንሽሩ ነው። የባሏ የወልደ ሐዋርያት ምንሽር፣ ከአባቱ የወረሰው፣ ፈቃድ ያለው፣ ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ዕድሜውን ሙሉ የተሰቀለ፣ ባሏ ሞቶ፣ ተዝካሩ ወጥቶ፣ እሷም ከሐዘን ልብስ ወጥታ እዚያው እንደተሰቀለ ያለ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብራው ተኝታለች፣ ከባሏም ከምንሽሩም፣ አንድ ቀን ግን በእጇ አልያዘችውም። ሴት የነካችው መሣሪያ ኢላማ ይስታል ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማንገቻውን ቅቤ ቀቢው ይላታል፣ ማንገቻውን ብቻ፣ ብረቱን እንዳትነኪ፣ እሺ ትላለች፣ ማንገቻውን ትቀባለች፣ ብረቱን በዓይኗ ትነካለች።

እና ያ ቀን። ልጇ ሰላማዊት ገና ጡት የምትጠባ፣ ወልደ ሐዋርያት ደጃፍ ተቀምጦ ሲወለውል ባረቀበት፣ ጥይቱ በሩን በስቶ ገብቶ ጎተራውን ወጋ፣ ስንዴው እንደ ውኃ ይንዠቀዠቃል፣ እሷ ከጎተራው ሥር ሕፃኗን አቅፋ የተነሳችው ጥይቱ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፣ እሳቱ ሊጠፋ ሆኖ ልትቆሰቁስ። ባሏ ፊቱ አመድ መስሎ ባዶ ነበር እኮ ይላል፣ ባዶ ነበር፣ እመቤቴን ባዶ ነበር። ባዶ ነበር። ስንቱን ቤት ያጎደለች ቃል።

ታክሲው መገናኛ ይደርሳል፣ ወራጅ፣ ሌላ ታክሲ፣ ሲኤምሲ ሲኤምሲ መሪ፣ አንድ ሰው አንድ ሰው፣ ትሳፈራለች፣ መሀል ወንበር ላይ ትጣበቃለች። እዚሁ መገናኛ ነው ልጇ ሰላማዊት ስልክ የምትሸጠው። እማዬ በቃ ምንሽሩን ሽጪው፣ ትላለች ሰላማዊት፣ ሽጪውና ነይ ከኔ ጋር ኑሪ፣ ሲሪየስሊ፣ እዛ ጫካ ውስጥ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ ፈታ በይ እስቲ። ፈታ ማለት አንዲት ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ማየት ነው፣ ጎረቤቱ ሲያስነጥስ ይማርህ እያሉ። የለም። ድንቿ አለ፣ በጎቿ አሉ፣ ባለፈው ክረምት ጅብ በረቱን ፈልፍሎ ገብቶ ቢቀንሳቸውም አሉ፣ ባሕር ዛፏ አለ፣ ማርያም ደወሏ ሲደወል ከአልጋዋ ሳትነሳ የምትሰማው ቤቷ አለ። ከዚያ ቤት የምትወጣው እሷ ስትፈልግ ነው።

ስለዚህ ሄደች፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፈቃዱን ወደ ስሟ ልታዞር፣ ኢንስፔክተር ኃይሉ የሚባለው፣ ፊቱ የደከመው፣ ወረቀቶቿን አየና፣ እናቴ፣ አላት፣ በውርስ ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል፣ እኔ ግን በበኩሌ አያያዙን ለማያውቅ ሰው ዓይኔ እያየ መሣሪያ በስሙ አላዞርም፣ ብቃት ያለው ሰው ያሠልጥንዎት፣ ትችላለች ብሎም ይመስክርልኝ፣ ያን ጊዜ ይምጡ። ወንድ ልጅ የለዎትም ወይ አላለም። የባልዎ ወንድም የት ሄደ አላለም። እርስዎን ያሠልጥንዎት ነው ያለው፣ እርስዎን! ብቃት ያለው ሰው፣ ብቃት፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ በአፏ እያገላበጠች ከጣቢያው ወጣች።

ብቃት ያለው ሰው ግን ከየት ይመጣል። በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፣ አዋላጅ ስትፈለግ ያዋለደቻቸው ይጠየቃሉ፣ የጠመንጃ አስተማሪ ምኑ ይታያል።

የመጀመሪያው ልደቱ ነበር፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ማን ይቅደም ታዲያ፣ ሶማሌ ድረስ ዘምቶ የመጣ ነው፣ በየድግሱ የሚያወራው እሱን ነው። መጣ፣ ምንሽሩን ከግድግዳው እንደ ራሱ ዱላ አወረደው፣ ካወረደው ጀምሮ ጣቱ ከቃታው አልተነሳም፣ ጓሮ እስኪደርሱ አፈሙዙ በጎረቤቱ ቤት ላይ ዞረ፣ በአህያዋ ላይ ዞረ፣ በእሷ ሆድ ላይ ዞረ፣ ሆዷ የዚያን ስንዴ ድምፅ ሰማ። እትዬ ብዙነሽ፣ ይላል ልደቱ፣ መሣሪያ ማለት እንደ በቅሎ ነው፣ ከፈራሽው ይረግጥሻል። ይኼ ምንድን ነው ልደቱ፣ ይኼስ፣ ትለዋለች፣ ዝም ብለሽ እዪ ይላታል፣ ከኪሱ ጥይት አወጣ፣ አጎረሰ፣ ጠጋ በይ፣ ጠጋ አለች፣ ቀረብ በይ እንጂ፣ ቀረበች። ጧ! ጆሮዋ ሥር። ድንቹ መደብ ላይ በቂጧ ቁጭ አለች፣ ነጠላዋ አፈር ለበሰ፣ ልደቱ ይስቃል፣ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ ከዚያ እጁን ይዘረጋላታል፣ ሐዘን ልብስ ያለብሰዋል ድምፁን፣ አየሽ እትዬ፣ ለሴት አይሆንም፣ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ የቤተሰብ አይደል፣ ስትፈልጊኝ ትጠሪኛለሽ።

ጆሮዋ ይጮሃል፣ ልቧ ግን ጸጥ አለ። አሃ። ይኼ ሰውዬ ያስተማራት ፍርሃት ነው፣ ትምህርቱም የተሳካ እንዲሆን ቀርበሽ ቁሚ አላት። እንድትወድቅ የሚፈልግ አስተማሪ። እጁን ሳትይዝ ተነሳች፣ ምንሽሩን ተቀበለችው፣ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ብረቱን የነካችው፣ ሞቋል። የባሩዱ ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ፣ እና፣ እመቤቴ ይቅር ትበላት፣ ደስ አላት። ለማን ይነገራል ይኼ፣ ቂጧ ላይ ድንች ተጣብቆ ደስ ያላት ሴት።

ታክሲው ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን እየገለበጠ በክርኑ ይጎስማታል፣ ይቅርታ እናቴ ይላል፣ ምንም አይደል፣ ጠጋ ትልለታለች፣ ዛሬ ለሁሉም ጠጋ ትላለች።

ሁለተኛው ጌድዮን ነው፣ የሰላማዊት ግኝት። እማዬ ከምርሽ ከሆነ፣ አለቻት፣ አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ፕሮፌሽናል ነው፣ የሀብታም አጃቢ ምናምን ያሠለጥናል። ሁለቱ ሄዱ፣ ፎቅ፣ ባለ መስታወት ክፍል፣ ጌድዮን ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ደረቱ ከሸሚዙ ሊያመልጥ ደርሷል፣ ግድግዳው በሙሉ በፍሬም የተሞላ ሰርተፊኬት፣ ማዘር ዌልካም፣ አረፍ ይበሉ፣ እኛ ጋ ስታንዳርዱ ኢንተርናሽናል ነው። ሲናገር ያምራል፣ አፉ ማር ነው፣ ሊካድ አይገባም። የፕላስቲክ ሽጉጡን በጣቱ ላይ እንደ ቁልፍ መያዣ ያሽከረክራል፣ ድንገት ወደ ሰላማዊት አዙሮ ሃንድስ አፕ! ሰላማዊት እጇን አንስታ ትስቃለች፣ ብዙነሽ አትስቅም፣ ፕላስቲክ ነው፣ እሺ፣ ጣቱ ግን ፕላስቲክ አይደለም፣ እጅ የለመደውን ነው ነገም የሚሠራ። ልጄ፣ አለችው፣ ምንሽሩን መቼ ታየዋለህ? ምን ያደርጋል ማዘር፣ ኖ ፕሮብሌም፣ ቲዎሪዋን እዚቹ እንጨርሳታለን፣ ወረቀቱን ዛሬውኑ ይዘው ይሄዳሉ።

ዛሬውኑ! አልፈተናትም ብትል ውሸት ነው። ዛሬ ወረቀት፣ ነገ ኢንስፔክተሩ፣ ከነገ ወዲያ ምንሽሩ በስሟ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ጠቅለል ፈታ አደረገች፣ ከዚያ ሳታስበው ተነሳች። ደረጃውን ሲወርዱ ሰላማዊት ተናደደች፣ እማዬ አታካብጂ እንጂ፣ የምትፈልጊው ወረቀቱን አይደል? ነው? እሱ ነው የምትፈልገው? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አለቻት ብዙነሽ። ልደቱ እንድትወድቅ ይፈልጋል፣ ይኼኛው ብትወድቅ ባትወድቅ ግድ የለውም፣ ሁለቱም ዘንድ እሷ የለችም።

ያን ቀን ማታ ነው እንደ መብረቅ የመጣላት፣ እንቅልፍ እንቢ አላት፣ በነጋታው ለኢንስፔክተር ኃይሉ ስልክ ደወለች፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ የእርስዎን እናት ማን ቢያስተምርልዎት ይወዳሉ? ኢንስፔክተሩ ሳቀ፣ ያ የደከመ ሰው ሲስቅ ልጅ ይሆናል፣ አስካለችን፣ አለ፣ ሳጅን አስካለችን፣ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ግን ላስጠንቅቅዎት እናቴ፣ ትከብዳለች።

ትክበዳ!

መሪ፣ መጨረሻ፣ ሁሉም ይውረድ። ፎቆቹ ገና ቀለማቸው አልደረቀም፣ በየሰገነቱ አንሶላ ይውለበለባል፣ ከላይ አንዱ ቤት የጴንጤ መዝሙር በቴፕ ተለቋል፣ ደረጃው መደገፊያ አልተሠራለትም፣ በግድግዳው ታክካ ትወጣለች፣ በር ቁጥሩን ታነባለች፣ ታንኳኳለች፣ በሩ ይከፈታል። አጭር ሴት። ቱታ የለበሰች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እጇ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ። ብዙነሽ ከኋላዋ ሌላ ሰው ትፈልጋለች፣ ግዙፍ፣ የወታደር ትከሻ ያላት። እኔ ነኝ አስካለች፣ ትላለች አጭሯ ሴት፣ ይግቡ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ደረጃው አደከመዎት? አላደከመኝም። እስቲ ይቀመጡ፣ ትንፋሽዎ ይመለስ፣ ደክሞዎታል። ወይ ጉድ። በመጀመሪያው ቃል ያዘቻት።

ሻይ ይቀርባል፣ ብዙነሽ ስለ ምንሽሩ ልትናገር አፏን ትከፍታለች፣ አስካለች ግን ስለ ምንሽሩ አትጠይቅም፣ ከማን ጋር ይኖራሉ ትላለች፣ ማን ማን ይመጣል ቤትዎ፣ ሕፃናት ይገባሉ? የጎረቤት ልጆች ይመጣሉ፣ ትላለች ብዙነሽ፣ ድንች ስቀቅል ይሰበሰባሉ። መሣሪያው የት ነው ያለው? ከራስጌዬ። አልጋው ላይ ቢወጡ ይደርሱበታል? ብዙነሽ ታስባለች፣ አልጋው፣ ግድግዳው፣ የትንሹ ልጅ ክንድ፣ በስመ አብ፣ ይደርሱበታል። እንግዲያው ከትምህርቱ በፊት ቁልፍ ያለው ሳጥን ያሠሩ። ሲናደዱ ምን ያደርጋሉ? እኔ? እርስዎ። እ... እንጨት እፈልጣለሁ። አስካለች ፈገግ ልትል ነበር። ማዶ ያለውን ያንብቡልኝ እስቲ፣ በመስኮት፣ ብዙነሽ ያለ የሌለውን የሱቅ ስም ሁሉ ታንበለብለዋለች፣ ይኼንስ በመንገድ ተለማምዳ መጥታለች!

ለምን ይፈልጉታል?

ለጅቡ፣ ትላለች ብዙነሽ። አስካለች ታያታለች። ዛፍ የሚቆርጡ ሌቦችም አሉ፣ ትላለች። ለሌባ መሣሪያ አይወጣም፣ ስልክ ነው የሚወጣው፣ ትላታለች አስካለች፣ አሁንም ታያታለች። ዓይኗ አይቸኩልም። እና ከብዙነሽ አፍ ያላዘጋጀችው ነገር ይወጣል፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከራሴ ላይ ተሰቅሏል፣ አንድ ቀን ልጄን ሊገድልብኝ ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም፣ ቤቴ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ማወቅ እፈልጋለሁ። ካለች በኋላ አፈረች፣ ሻይዋን አነሳች፣ ባዶ ነው፣ ጠጥታ ጨርሳለች።

እርስዎስ፣ ትላለች ድፍረቷን ሰብስባ፣ መምረጤ ነውና አይቀየሙኝ፣ ለማስተማርዎ ማስረጃ አለዎት? አስካለች አትቀየምም፣ ደስ ያላት ትመስላለች፣ ከቁምሳጥኑ የፖሊስ ኮሌጁን ማስረጃ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች፣ ያስተማረቻቸውን ሰዎች ስም ትነግራታለች፣ ደውለው ይጠይቁ፣ የወደቁትንም ይጠይቁ ትላለች። የወደቁ አሉ? አሉ እንጂ። ወይዘሮ ብዙነሽ፣ አስቀድሜ ልንገርዎት፣ አስተምሬዎት ላልመሰክርልዎት እችላለሁ፣ ካልሆነልዎት አይሆንልዎትም እልዎታለሁ፣ ይሽጡት እልዎታለሁ።

ልደቱ ሲላት ያቃጠላት ቃል ነው፣ ይኸው ራሱ፣ አይሆንልሽም፣ አሁን ግን ውስጧ ዘለለ፣ እንደ ጠቦት ዘለለ። ይኼች ሴት ልትጥላት ትችላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ወድቃ አታውቅም፣ የፈተናት የለማ! ማን ፈተናት፣ ትምህርት ቤት አልገባች፣ ፊደሉን ከልጇ ደብተር ነው የለቀመችው፣ ችሎታ አልተጠየቀች፣ ማንገቻ ቀቢ የተባለች ሴት። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል፣ አለቀ፣ ይቺ ናት። መቼ እንጀምራለን፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ ይወጣል። ቅዳሜ፣ እኔ እመጣለሁ፣ እና ደግሞ፣ ትላለች አስካለች ጣቷን አንስታ፣ በጋቢ ጠቅልለው በታክሲ ይዘውት እንዳይመጡ! ብዙነሽ ክው ትላለች፣ በጋቢ ነበር ያሰበችው።

ቅዳሜ። ቅዳሜ እስኪደርስ ሳጥኑ ተሠራ፣ ከዝግባ፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጎን ተንጠለጠለ። አስካለች እያለከለከች ዳገቱን ትወጣለች፣ እናንተ እዚህ የምትኖሩት ከመላእክት ጋር ነው እንዴ ትላለች፣ ብዙነሽ ትስቃለች፣ ሣሩ ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ምንሽሩ ይወጣል። ዛሬ ቃታ የሚባል ነገር የለም፣ ትላለች አስካለች። የለም? የለም። ዛሬ መክፈት ነው። እጀታው ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ክራክ፣ ውስጡን ይዩ፣ ባዶ ነው? ባዶ ነው። ባዶ ነው አይበሉኝ፣ ትንሿን ጣትዎን ይክተቱ፣ ዓይን ይዋሻል። ትከታለች፣ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ ዘይት የጠገበ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደ መቅደስ የማይገባበት ይኼ ነበር? ይዝጉት፣ ይክፈቱት፣ ይዩት፣ ይዳስሱት፣ እንደገና፣ አፈሙዙ ወዴት እያየ ነው? ወደ አጥሩ። አጥሩስ ማዶ ማን አለ? እ... የጎረቤቴ ከብቶች። እንግዲያው ወደ ገደሉ። ወደ ገደሉ ታዞረዋለች፣ ጣቷ በእንጨቱ ጎን ቀጥ ብሎ ተኝቷል፣ ላብ በጀርባዋ ይወርዳል፣ እንዲህ ያለ ቀን ኖሯት አያውቅም።

ልደቱ ያን ጊዜ ነው በአጥሩ በኩል ብቅ ያለው። ምንድን ነው ይኼ፣ ሴት ለሴት፣ ይላል፣ ይስቃል፣ ሳይጠይቅ ምንሽሩን ከጠረጴዛው ብድግ ያደርገዋል፣ ክራክ ይዘጋዋል፣ ጣቱ ቃታው ውስጥ፣ እኛ በረሃ ላይ፣ ይላል፣ እንዲህ ነበር የምንይዘው፣ አፈሙዙ በአስካለች ላይ ያልፋል፣ በብዙነሽ ላይ ያልፋል፣ አስካለች ልትነሳ ስትል ብዙነሽ ቀድማ ተነስታለች፣ መቼ እንደተነሳች አታውቅም፣ ልደቱ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት። ምን? ወደ መሬት አልኩህ፣ ጣትህን አውጣ፣ ክፈተው። እትዬ ብዙነሽ አበድሽ እንዴ፣ ባዶ እኮ ነው! ያቺ ቃል። ክፈተው። ይኸው! ይከፍተዋል፣ ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፣ ባዶ ነው። እውነቱን ነው። ልደቱ ጥርሱ በሙሉ ይታያል፣ አላልኩሽም?

ይኼኔ ድሮ ቢሆን ታፍር ነበር፣ ይቅርታ ወንድሜ ብላ ሽሮ ልትሠራለት ትገባ ነበር። አላፈረችም። አየሁ፣ ባዶ ነው፣ ትላለች፣ ባዶም ቢሆን ወደ ሰው አታዙረው። በዚህ ግቢ እንዲህ ነው።

በዚህ ግቢ! ማን አለ ይኼን፣ እሷ ናት ያለችው። ልደቱ እንድትስቅለት አስካለችን ያያል፣ አስካለች አትስቅም፣ ሻይዋን ትጠጣለች። ምንሽሩን ያስቀምጠዋል፣ ቀስ አድርጎ፣ አፈሙዙን ወደ ገደሉ አዙሮ። ይሄዳል ብላ ትጠብቃለች፣ አይሄድም፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ መሬቱን በዱላው ይጭራል፣ ኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያ ጣቱን... የት ነው የምታደርጉት? ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ትላለች አስካለች፣ ያሳዩት።

አሳየችው። እሷ፣ ለልደቱ! ያን ሌሊት ሳቋ ቀስቅሷታል።

ከዚያ ሌላ ቅዳሜ፣ ሌላም፣ በሐሰት ጥይት ማጉረስ፣ ማውጣት፣ መተኛት፣ ትንፋሽ፣ አስካለች ትቆጣለች፣ ብዙነሽ ትቆጣለች፣ እንጨት ትፈልጣለች፣ ትመለሳለች። እና ዛሬ። ዛሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የልምምድ ሜዳ ላይ ናት፣ ኢንስፔክተር ኃይሉ ነው ያስፈቀደላቸው፣ ሆዷ ሣሩ ላይ፣ ምንሽሩ አሸዋ በተሞላ ጆንያ ላይ፣ ጆሮዋ ተሸፍኗል፣ የራሷን ትንፋሽ ከውስጥ ትሰማለች፣ ማዶ ነጭ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ኋላ የአፈር ጉብታ፣ ከጉብታው ኋላ ጋራ፣ ጥይቱ እውነተኛ ነው፣ ራሷ አጉርሳዋለች፣ አሁን ጣቷን ወደ ቃታው መውሰድ ይቻላል፣ ይቻላል ብላለች አስካለች፣ ሲዘጋጁ፣ በራስዎ ጊዜ፣ ተዘጋጅታለች፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ ተዘጋጅታለች፣ ቃታው ቀዝቃዛ ነው፣ ትንፋሿን ታወጣለች፣ ግማሹን ታስቀራለች፣ ወረቀቱ ቀጥ ብሏል፣ ቀጥ፣ ቀጥ፣

ጆሮ።

በጉብታው ጫፍ፣ ጆሮ ነው? ቅጠል ነው። የለም፣ ጆሮ ነው፣ ተንቀሳቀሰ። ጣቷ ወጥቷል። ከእሷ በፊት ጣቷ ወጥቷል፣ እጀታው ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ጥይቱ ሣሩ ላይ ዱብ፣ እጇን ታነሳለች። ምን ሆኑ፣ ትላለች አስካለች ጎንበስ ብላ፣ ፈሩ? አልፈራሁም፣ አህያ አየሁ። የምን አህያ፣ አስካለች ታማትራለች፣ አይታያትም፣ እዚያ ምንም የለም ወይዘሮ፣ ልትል ነው፣ ያኔ ከጉብታው ላይ የቅጠል ሸክም ያዘለ አህያ ብቅ ይላል፣ ሌላ አህያ፣ ከኋላቸው አንዲት ሴት ወገቧን አጉብጣ፣ መንገድ ስታሳጥር የመጣች፣ ቀና እንኳን አላለች፣ የሜዳው ጠባቂዎች እየጮኹ ይሮጣሉ፣ ሴትየዋ ትቆማለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደዚህ ታያለች፣ ወደ ብዙነሽ።

እግዚአብሔር ይመስገን። እግዚአብሔር ይመስገን። የወደቀውን ጥይት ከሣሩ ውስጥ ታነሳለች፣ አስካለች ከጎኗ ሣሩ ላይ ትቀመጣለች፣ መነጽሯን አውልቃ ትጠርጋለች፣ እኔ አላየኋትም፣ ትላለች። ከዚያ፣ ሰኞ አብረን ኢንስፔክተሩ ጋ እንሄዳለን፣ የምመሰክረው ዛሬ ባልተኮሱት ነው። ገና መች ተኮስኩና? ባይተኩሱም። ልተኩስ እንጂ! አስካለች በመጨረሻ ሳቀች፣ አጭሯ ሴት ስትስቅ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚስቀው፣ ሜዳው ላይ ሰው አለመኖሩ ይጣራ፣ ይተኩሳሉ።

ሜዳው ይጣራል፣ ሴትየዋ በሌላ መንገድ ተሸኝታለች፣ አህዮቹ ከአድማስ ጠፍተዋል፣ ጉብታው ባዶ፣ ጋራው ባዶ፣ አንድ አሞራ እንኳን የለም፣ ታያለች፣ ደግማ ታያለች፣ ታጎርሳለች፣ ትንፋሽ፣ ግማሽ፣ ጸጥ፣ ከራሷ ውስጥ የሚናገር ሁሉ ዝም ይላል፣ ባሏ ዝም፣ ልደቱ ዝም፣ እሷም ዝም፣ ጧ!

ትከሻዋን ይመታታል፣ ምድር ይመታታል፣ ጋራው ድምፁን ይቀበላል፣ ለሌላው ጋራ ይሰጣል፣ ሌላውም ለሌላው። ይክፈቱት፣ ትላለች አስካለች፣ እሷ ከፍታዋለች።

ስልኳ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል፣ ቋጠሮው አልፈታ ይላታል፣ በጥርሷ ትፈታዋለች፣ ሰላማዊት! እማዬ፣ የት ነሽ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል? ተኮስኩ! ምን? ተኮስኩ አልኩሽ! ወይኔ እማዬ፣ ሱቁ ውስጥ ላሉት ሰዎች ስትጮህ ይሰማል፣ እናቴ ተኮሰች እኮ! ምን መታሽ፣ እማዬ፣ ምን መታሽ? ብዙነሽ ማዶ ታያለች፣ ወረቀቱ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ ነው፣ አንዲት ቀዳዳ የለበትም፣ አስካለች ፊቷን አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ጋራውን፣ ትላለች ብዙነሽ፣ ጋራውን ነዋ ልጄ፣ መሀል ለመሀል!